አባቴ በድብቅ የጎረሰው አሚቾ

ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህሩ ስም ሲጠሩ «አቤት» የምለው በሆዴ ነበር። ድምፄ ስለማይሰማ ፊታቸው ተቀምጬ ብዙ ቀን «ቀሪ» ተብዬ ተመዝግቤአለሁ። ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ ሰባተኛን ለመማር ሌላ ትምህርት ቤት መሄድ ግድ ሆነ፤ እኔም አዲስ ሰው መሐል ከምገባ ብዬ ቀረሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «አባቴን ለማገዝ ነው ያቋረጥኩት» እላለሁ። እውነቱ ግን ፍርሃት ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ቀጥሎ የማወራው ነገር ለሌላ ሰው ቀላል ቢሆንም ለእኔ ለምን እንደከበደኝ እንዲገባችሁ ነው።

ስሜ አስካለ ይባላል። አባቴ ጋሽ ዘውዴ ቡታጅራ ውስጥ፣ ወደ እንሴኖ በሚያወጣው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነው። እናቴ የሞተችው እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ቡኢ አጠገብ ገጠር የምትኖረው የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ወርቅነሽ ወስዳ አሳደገችኝ። ከፍ ስል ወደ አባቴ ተመለስኩና ሥራውን አብሬው ያዝኩ።

የእኔ ቦታ በቆርቆሮ የተከለለው የኋላው ክፍል ነው። አባቴ ከፊት ሆኖ ደንበኛ ይቀበላል፣ ጎማውን ይፈታል፣ የውስጥ ጎማውን፣ ካላማዳሪውን፣ በቀዳዳ ያቀብለኛል። እኔ እነፋዋለሁ፣ በተቆረጠ በርሜል ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ አረፋ ከሚወጣበት ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ከዚያ አደርቃለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እፍቃለሁ፣ ማስቲሽ እቀባለሁ፣ እስኪጠነፍፍ እጠብቃለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እንደገና እነክራለሁ። ለዓመታት የተመላለሱ የባጃጅና የሞተር ደንበኞች አሉን፤ አብዛኞቹ እኔን አይተውኝ አያውቁም። እኔም እንደዚያ መሆኑን እወደው ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አባቴ «ሆዴን ነፋኝ» አለ። ሰኞም ብሎኝ ነበር፤ ዝንጅብል አፍልቼለት ነበር። የማክሰኞው ግን ሌላ ነው። ረፋዱ ላይ ሆዱ ከበሮ አከለ። ሽንት ቤት ገብቶ ባዶውን ይመለሳል፤ ንፋስ እንኳ አልወጣህ አለው። እያላበው ይቀልዳል።

«አስካለ፣ ዛሬ እኔን ነው በርሜሉ ውስጥ መንከር።»

ስድስት ሰዓት ሲሆን ቀልዱም ቀረ። ሱቁን ዘግቼ በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኩት። ያየው ዶክተር ያሬድ የሚባል፣ በቅርቡ ከወልቂጤ ተዛውሮ የመጣ ወጣት ሐኪም ነው። ራጅ ካስነሳው በኋላ አባቴን «ጋሼ፣ አንጀትዎ ተጠምዝዟል። እንደ ገመድ ዞሮ ታስሯል። ዛሬውኑ መከፈት አለበት» አለው። አባቴ ራሱ ፈረመ። እኔ ከጥግ ቆሜ ጫማዬን ሳይ ነበር።

ከሰዓት ዶክተሩ ከኦፕራሲዮን ክፍል ሲወጣ እንዲህ አለኝ፦ «የተጎዳውን ክፍል ቆርጠን አውጥተናል። የቀሩትን ሁለት ጫፎች በክር ገጥመናቸዋል። አሁን ጉዳዩ መግጠሚያው እስኪድን መጠበቅ ነው። እኔ እስክፈቅድ ድረስ በአፋቸው ምንም እንዳይገባ። ንፋስ ሲወጣቸው ደግሞ ለሲስተር ንገሪ፤ አንጀቱ መሥራት መጀመሩን የምናውቀው በዚያ ነው።»

ሲስተር መሠረት የምትባለው ነርስ አልጋው ራስጌ ላይ «በአፍ ምንም» የሚል ወረቀት ለጠፈች። በሁለተኛው ቀን በአፍንጫው የገባውን ቱቦ አወጡለት። ከዚያ በኋላ ክፍሉ በሙሉ የአባቴን ንፋስ መጠበቅ ጀመረ። የጎን አልጋ የተኛ የአረቅጥ ሰው ጠዋት ጠዋት «ጋሽ ዘውዴ፣ አልተኮሰም?» ይለዋል። አባቴ «ጥይቱ የለም» ይላል። እኔ አፌን በነጠላ ሸፍኜ እስቃለሁ።

ዓርብ ጠዋት አባቴ ብርድ ልብስ ደርቢልኝ አለኝ። ክፍሉ ይሞቃል፤ እሱ ግን ይንቀጠቀጣል። ከእምብርቱ በታች በስተግራ ያዝ ያደርገኛልም አለ። ሲስተር ስታልፍ አየኋት። ልጠራት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ሥራ የበዛባት መሰለኝ። ብርድ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ወርቅነሽ ከቡኢ መጣች። ዘንቢሏን ከአልጋው ሥር አስቀምጣ የአባቴን ግንባር ሳመች፣ አለቀሰች፣ ዓይኗን ጠረገች፣ ወዲያው ዘንቢሉን ሳበች። በኮባ ተጠቅልሎ የመጣ አሚቾ ነው። ለማታውቁት፣ አሚቾ የእንሰት ሥሩ ነው፤ ይቀቀላል። ይኸኛው ግን አስታራ የምንለው የእንሰት ዘር ነው፤ አጥንት ለተሰበረ ሰው በወተት የሚሰጥ። እትዬ ጓሮዋ ውስጥ አንድ አስታራ ብቻ ነበራት። «ለእኔ ክፉ ቀን» ብላ ዓመታት ያቆየችው ነው። እሱን አስነቅላ፣ ቀቅላ፣ ፈጭታ፣ በወተትና በቅቤ ለውሳ ነበር ያመጣችው።

«እትዬ፣ ተከልክሏል» አልኳት በቀስታ።

«ማን ከለከለ?»

«ዶክተሩ።»

«ዶክተሩ አስታራ ያውቃል? ለሐኪም ቤት ሰው ስለ አስታራ ማን ነገረው? የጎረቤታችን የወልዴ እግር ለሁለት ተሰብሮ በምን ገጠመ? አጥንት የሚገጥም ነገር ለስላሳ አንጀት ያቅተዋል?»

«ወረቀት ተለጥፏል…»

«ወረቀት ያድናል እንዴ? ሦስት ቀን ጾሙን ያደረ ሰው በምኑ ይጠገን? ሂጂ ውሃ አምጪልኝ፣ እጄን ልታጠብ።»

ሄድኩ። ከቧንቧው ስመለስ አባቴ እያኘከ ነው። ጺሙ ላይ ወተት አለ። እንዳየሁት ሲያውቅ እንደ ልጅ አፈረ።

«ሦስት ጉርሻ ናት» አለኝ።

«አምስት ናት» አለች እትዬ ደስ ብሏት። «አንቺ ካላወራሽ ማንም አያውቅም።»

ከእኔ ወሬ እንደማይወጣ ደግሞ አገር ያውቃል። ሲስተር መሠረት ስትገባ እትዬ ዘንቢሉን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ የአልጋውን አንሶላ አስተካከልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ሌላ ሰው ሆኖ አደረ። ሰውነቱ እሳት ነው። ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቋል፤ አንሶላው ሲነካው ይጮሃል። ዶክተሩ ሲስተርን አስከትሎ መጣ፣ ሆዱን ነካ አደረገ፣ ፊቱ ተለወጠ።

«በአፋቸው የገባ ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ምራቁን እንኳ አልዋጠም ዶክተር» አለች እትዬ ቶሎ ብላ። «እኔ ትናንት ከመጣሁ ጀምሮ ከአጠገቡ አልተነሳሁም።»

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ? ያየሽው ነገር አለ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። የለም ማለቴ ነው። ቃል ሳላወጣ ዋሸሁ።

ዶክተሩ ለሲስተር «ደማቸው ይታይ፤ ሳንባቸውም ይታይ። አሁን ኦፕራሲዮን የማደርጋት ሴት አለች፤ ስወጣ መጥቼ እወስናለሁ» አላትና ሄደ።

አጠገቡ ቁጭ ብዬ አተነፋፈሱን አየሁ። አጭር አጭር ነው። በሥራዬ ላይ ከሁሉ የሚያናድደኝ አንድ ዓይነት ደንበኛ አለ። ሌላ ቦታ አስለጥፎ ያመጣና «ማንም አልነካውም» ይላል። እኔ እሱን አምኜ አዲስ ቀዳዳ ስፈልግ ግማሽ ቀን እደክማለሁ፤ በመጨረሻ የሚያፈሰው በሌላ ሰው ልጥፍ ሥር ሆኖ አገኘዋለሁ። አባቴ እንዲህ ያለውን ሰው «ውሸታም ደንበኛ» ይለዋል። አሁን ውሸታሟ ደንበኛ እኔ ነኝ። የሚያፈሰው ግን ጎማ አይደለም።

ተነሳሁ። እትዬ «ወዴት ነው?» ስትለኝ ከበሩ ወጥቼ ነበር። ኮሪደሩ በቅዳሜ ጠያቂ ተሞልቷል። ዶክተሩ ከወዲያ ጫፍ፣ እኛ ወደማንገባበት በር እየተጠጋ ነው። ከገባ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አላውቅም። ሮጬ እንዳልደርስበት ሰዉ ጠቅጥቆታል።

«ዶክተር!»

ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። ሕፃን ያዘለች ሴት ደንግጣ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዶክተሩም እጁ በሩ ላይ እንዳለ ዞረ። እዚያው ያቆምኩ እንደሆነ ዳግመኛ እንደማይወጣኝ ስላወቅኩ በአንድ ትንፋሽ ለቀቅኩት።

«አባቴ በልቷል! ትናንት በልቷል። አሚቾ ነው፣ በወተትና በቅቤ። እኔ አይቻለሁ። ቅድም ዋሽቼሃለሁ።»

ከዶክተር ጋር «አንተ» ብዬ መናገሬን ያስተዋልኩት ማታ ነው። እሱ ግን አልተቆጣም። በሩን ትቶ ወደ እኔ መጣ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።»

«ምን ያህል?»

«አምስት ጉርሻ።»

«ሕመሙ የጀመራቸው ከበሉ በኋላ ነው?»

ይህን ሲጠይቀኝ የዓርቡ ብርድ ልብስ ትዝ አለኝ። «አይደለም። ጠዋት ነው። ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በስተግራ ያዝ አደረገኝም ብሎኛል። እትዬ ገና አልመጣችም ነበር።»

«ከመብላታቸው በፊት?»

«በፊት።»

ወዲያው ሲስተር መሠረትን ጠራ። ሌላ ሐኪም ሴትየዋን እንዲይዝለት፣ ለአባቴም የኦፕራሲዮን ክፍል እንዲዘጋጅ ነገራት። ከዚያ እኔን እንዲህ አለኝ፦ «መግጠሚያው ሳይለቅ አልቀረም። ጠርጥሬ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን አልጠብቅም። ደግሞ መብላታቸውን መናገርሽ ሌላም ጥቅም አለው። ሆዳቸው ባዶ ነው ብለን ብናደነዝዛቸው ያ ምግብ ወደ ሳንባቸው ሊገባ ይችል ነበር።»

ሲስተር የአፍንጫውን ቱቦ መልሳ አስገባችው። ወዲያው በቱቦው ነጭ ነገር ወጣ፤ የረጋ ወተት፣ በመሐሉም የአሚቾ ፍርፋሪ። ከበላ አንድ ቀን ሊሞላው ነው፤ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። እትዬ አልጋው ግርጌ ቆማ አየችው።

«አልወረደም እንዴ?» አለች።

ዶክተሩ እኔንና እትዬን ወደ ውጭ ጠራን። አባቴ በትኩሳት ይቃዥ ስለነበር የሚፈርመው ሌላ ሰው ነው።

«እንደገና እንከፍታለን» አለ። «ያፈሰሰውን እናጥባለን። አንጀቱ ጤነኛ ሆኖ ካገኘነው ጫፉን አስተካክለን መልሰን እንሰፋለን፤ በስፌቱ ላይ ደግሞ የሕክምና ማጣበቂያ እንቀባለን። ጤነኛ ካልሆነ ግን አንጀቱን በሆዳቸው በኩል እናወጣዋለን፤ ለተወሰኑ ወራት ሰገራቸው በከረጢት ይወጣል።»

«ማጣበቂያ?» አለች እትዬ። «ማስቲሽ?»

«በሉት እማማ። ይኼ ግን የሚሠራው ደም ሲረጋ ከሚያያይዘው ነገር ነው። ቆይቶ ሰውነት ራሱ ያሟሟዋል።»

እትዬ ራሷን ያዘች። «ወንድሜን! ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጎማ ሲለጥፍ ኖሮ መጨረሻው እሱም እንደ ጎማ ሊለጠፍ ነው!»

ከኋላችን የቆመ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ። ዶክተሩ «ጎሚስታ ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎ። የምለጥፈው ግን እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ ሳላስበው መጠየቅ ጀመርኩ። «ማጣበቂያው ያለ ክሩ ብቻውን ይይዛል?»

«አይይዝም። የሚይዘው ክሩ ነው። ማጣበቂያው በስፌቱ መሐል የቀረውን ክፍተት ይዘጋል፤ እስኪድን ያግዛል።»

«ሁልጊዜ ይሠራል?»

«አልዋሽሽም፣ አይሠራም። ረድቶናል የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ ልዩነት አላየንም የሚሉም አሉ። ገና እየተጠና ያለ ነገር ነው። እኔ ጋ ትንሽ አለች፤ ለአባትሽ ትጠቅማለች ብዬ ስለማስብ ነው። አይሁን ካላችሁ በክር ብቻ እሠራለሁ።»

«እርጥብ ላይ ይይዛል? እኛ እርጥብ ላይ አንቀባም።»

«መጀመሪያ እናደርቀዋለን። ከቀባን በኋላም ሳንነካው ጥቂት ደቂቃ እንጠብቃለን።»

«እንደማያፈስስ በምን ታውቃላችሁ?»

ዶክተሩ ፈገግ አለ። «ሆዳቸው ውስጥ ንጹሕ ውሃ እንሞላለን። መግጠሚያው ውሃው ሥር ሲሆን በታች በኩል አየር እንነፋለን። አረፋ ከወጣ ያፈሳል፤ ካልወጣ ደህና ነው።»

የማውቀውን ነገር ከማላውቀው ቦታ ሰማሁት። ከዚያች ደቂቃ በፊት ሐኪሞች በአባቴ ሆድ ውስጥ የሚሠሩት ነገር ለእኔ ጨለማ ነበር። አሁን ግን የእኔ በርሜል ታየኝ። ስለዚህ እንደ ሥራ ባልደረባ ጠየቅኩት።

«መጀመሪያ ስትሠሩትም እንዲህ አድርጋችሁ ነበር?»

«አድርገን ነበር። አረፋ አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን አፈሰሰ?»

«ጎማ ከለጠፍሽው በኋላ አይሞትም። ሥጋ ግን ደም በደንብ ካልደረሰው ጫፉ ሊሞት ይችላል። ማክሰኞ ደህና የነበረ ስፌት ዓርብ ላለመልቀቁ ምንም ዋስትና የለም። አሁንም የለም። ይህን አውቀሽ ነው የምትፈርሚው።»

ሲስተር ወረቀቱን አቀረበችልኝ። እትዬ ክንዴን ያዘችኝ። «አትፈርሚ። መጀመሪያ ዘመድ ይሰብሰብ፣ ሽማግሌ ይምከር።»

«ሽማግሌው እስኪሰበሰብ አባቴ ይሞታል እትዬ።»

«በሰው ፊት ውሸታም አደረግሽኝ። አሁን ደግሞ ወንድሜን…» ብላ ክንዴን ለቀቀችኝ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ ዶክተሩ።

«አይደለሁም። ግን እፈርማለሁ» አልኩ። ስሜን ከነአባቴ፣ እንደ ስድስተኛ ክፍል ጽሑፌ፣ ፊደሉን ለያይቼ ጻፍኩ።

ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። እትዬ አንዱ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እኔ ሌላው ላይ ተቀመጥን። በመሐላችን ሰው ተቀምጦ ተነሳ፣ ተቀምጦ ተነሳ። አላየችኝም። በሕፃንነቴ ስታመም አዝላኝ እስከ ቡኢ ጤና ጣቢያ ድረስ በእግሯ የሄደች ሴት ናት። ያን ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ቆየች። አባቴ ቢሞት በምን ዓይን እንደምንተያይ አሰብኩ። ፈራሚዋ እኔ ነኝ። ቢሞት «በማስቲሽ ገደለችው» እንደሚባል አውቃለሁ። ሳልናገር ብቀር ኖሮ ደግሞ ማንም ምንም አይለኝም ነበር። ዝም ያለ ሰው አይወቀስም። ለዓመታት ለምን ዝም እንደምል የገባኝ እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ዶክተሩ ሲወጣ ቆቡን አውልቆ ነበር። ሁለታችንም ተነሳን።

«ቀዳዳው የስንዴ ፍሬ ቢያህል ነው። በጊዜ ደርሰናል። የቀረው አንጀት ጥሩ ነበር፤ ጫፉን አስተካክለን ሰፋነው፣ ማጣበቂያውንም ቀባነው።» ወደ እኔ ዞረ። «በውሃም አየነው። አረፋ የለም።»

እትዬ መሬቱን ሳመች። ዶክተሩ እስክትነሳ ጠብቆ እንዲህ አላት፦ «እማማ፣ ስፌቱን ያስለቀቀው የእርስዎ አሚቾ አይደለም። መልቀቅ የጀመረው ከዚያ በፊት ነው። ይህን ይዘው አይጨነቁ። ተደብቆ ቢቀር ግን ልናጣቸው እንችል ነበር።»

እትዬ ነጠላዋን አጣፋች። አባቴን በበር አይታው በዚያው ዕለት በመጨረሻው መኪና ወደ ቡኢ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የኦፕራሲዮኑን ያህል ረዘሙብኝ። ከአባቴ ጎን ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ከረጢት ውስጥ ያንጠባጥባል። ሲስተር መሠረት አስተማረችኝ፤ ውሃ የመሰለ ወይም ደም ቀላ ያደረገው ከሆነ ችግር የለውም፣ ሰገራ ከመሰለ ግን እየሮጥኩ እንድጠራት። በየጠዋቱ ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው ያንን ከረጢት ነበር።

ሁለተኛው ሥራዬ ጠያቂ መመለስ ነበር። የታመመ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም፤ ሁሉም ይዞ ይመጣል። የዕድሩ ሴቶች የቡላ አጥሚት በፔርሙዝ አመጡ። የሠፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ሽኩር ማር በወተት አመጡ። በፊት ቢሆን አንገቴን ደፍቼ ወንበር እሰጥ ነበር። አሁን የአልጋው ግርጌ ቆሜ «ይቅርታ፣ አይሆንም» እላለሁ።

«ልጄ፣ አንዲት ማንኪያ ምን ታደርገዋለች?» አሉኝ ጋሽ ሽኩር።

«ዶክተሩ ሲፈቅድ ከእርስዎ ማር እጀምርለታለሁ። አሁን ግን አይሆንም።»

ሽማግሌው ወደ አባቴ ዞሩ። «ዘውዴ፣ ይቺ ያቺ ልጅህ ናት? ዲዳ መስላኝ ነበር እኮ!»

አባቴ መሳቅ ፈልጎ ሆዱን ያዘ። «እኔም እንደዚያው» አለ።

በአምስተኛው ቀን፣ ክፍሉ በጠያቂ በተሞላበት ሰዓት፣ የአባቴ አንጀት ሥራ ጀመረ። በደንብ ተሰማ። የአረቅጡ ሰው ከአልጋው ቀና ብሎ «ተኮሰ!» አለ፤ አንዲት የዕድር ሴት እልል አለች። አባቴ አንሶላውን ራሱ ላይ ሳበ። እኔ ለሲስተር ልነግር ስሮጥ ኮሪደሩ ላይ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ተናገርኩ፣ ለማላውቀው ሁሉ። በማግሥቱ ሻይ በማንኪያ ተፈቀደለት። ሰባተኛው ቀን ላይ የማር ወተቱንም ቀመሰ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ቤት ተመለስን።

አሁን አባቴ ደህና ነው። ከባድ ጎማ አያነሳም፤ ከፊት ሆኜ ደንበኛ የምቀበለው እኔ ነኝ።

ይህን የምታነቡ፣ ማጣበቂያው ነው አባቴን ያዳነው አልላችሁም። እሱ ይሁን፣ ክሩ ይሁን፣ በጊዜ መከፈቱ ይሁን አላውቅም፤ ዶክተሩም ስጠይቀው «እኔም ለይቼ አላውቅም» ብሎኛል። አስታራም ለአጥንት አይረባም አላልኩም። እኔ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ያደረጋችሁትን ንገሩት፤ የሚያሳፍረውንም፣ ሌላ ሰው የሚያስወቅሰውንም። ከፍቶ ከማየቱ በፊት የሚያይበት ዓይን የእናንተ አፍ ነው። አስታማሚ ከሆናችሁ ደግሞ ዝምታችሁ ጨዋነት እንዳይመስላችሁ። እኔ ጨዋ ነኝ እያልኩ አባቴን ልገድለው ነበር።

የከፈልኩትን ግን አልደብቅም። እትዬ ወርቅነሽ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አላናገረችኝም። ለመስቀል ቡኢ ስንሄድ አባቴን አቅፋ ሳመችው፤ ለእኔ ክትፎውን በሌላ ሰው እጅ ላከችልኝ። ጉንጬን ሳትስመኝ የቀረችበት የመጀመሪያው መስቀል ነው። አባቴ ሊያስታርቀን ሞከረ፤ «ምን ተጣላን?» አለችው። እንደዚያ ስትል ነገሩ እንዳላለቀ ይታወቃል።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት የሞተር ጎማ ይዤ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ ጥላ ሸፈነኝ። ቀና ስል እትዬ ናት፤ ብቻዋን፣ ያለ ዘንቢል። አባቴ ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል። ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።

«ጡቴ ላይ እብጠት አለ» አለችኝ ወደ መንገዱ እያየች። «ከረመ። ለማንም አልተናገርኩም።»

ማስቲሹን ከደንኩ።

«ሐኪም ፊት ስቀርብ ያሰብኩት ይጠፋብኛል። ሌላ ነገር እናገራለሁ። አንቺ ግቢልኝ። አንቺ ንገሪልኝ።»

«እገባለሁ እትዬ። ግን የነገርሽኝን ሁሉ ነው የምነግረው። የምደብቀው የለም።»

«እሱን ብዬ እኮ ነው የመጣሁት» አለች።

ሱቁን ቆለፍኩና ባጃጅ አስቆምኩ። ገና መንገዱን ሳንሻገር፣ ሾፌሩ እንዳይሰማ ድምጿን ቀንሳ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ትነግረኝ ጀመር።